ቲቸር ዋቅቶላ ያስተማረን ግስ

ባለፈው እሑድ ጌዶ ሠርግ ተጠርተን ሄድን። ምሳው ሳያልቅ ማይክራፎኑን ማን ይዞ ብድግ ቢል ጥሩ ነው? ቲቸር ዋቅቶላ! ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሆዱ ቀድሞት ይገባል። ለሙሽሮቹ ራስን ስለ መግታት ሲመክር ቆየና ጣቱን ወደ እኔና ወደ ባለቤቴ ቀስሮ፣ «እነዚህን ያጋባኋቸው እኔ ነኝ!» አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም።

ሰውዬው እጃጂ ከተማ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እንግሊዝኛ አስተምሮኛል፤ ማስተማር ካሉት። አንድ ሳምንት ሙሉ «ሪፍሬይን» የምትል ግስ ላይ ተቸክሎ ቀረ። «ትርጉሟ ቀላል ነው! እያማረህ፣ እጅህ ላይ እያለ፣ ራስህን ገትተህ መተው!» ይላል፣ ሰሌዳውን እየደበደበ። «ከኋላዋ ‹ፍሮም› ታስከትላለህ። ሪፍሬይን ፍሮም ኢቲንግ! ከዘለልካት ዜሮ!» ምሳሌው ሁሉ መብል ነው። ይህን የሚለው ደግሞ «ክፍል ውስጥ መብላት ክልክል ነው» ብሎ የቀማንን የበቆሎ ጥብስ እየጋጠ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አምቦ ኮሌጅ ጨርሼ ስመለስ፣ እጃጂ ጤና ጣቢያ ከሚሠራው ከገመቹ ጋር ተዋደድን። አባቴ ግን በልቡ አንድ የጌዶ ከብት ነጋዴ ልጅ ይዞልኛል። ገመቹን ለመከልከል የቸገረው ሰበብ ብቻ ነበር። የገመቹ ቤተሰቦች ሦስት ሽማግሌ ሲመርጡ «አንድ የተማረ ሰው ይኑርበት» ተባለና ቲቸር ዋቅቶላ ተጨመረ። ስሰማ «አለቀልኝ!» አልኩ።

በእኛ ዘንድ ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ቃል ሳይሰጠው የልጅቱን ቤት እህል አይቀምስም። ከቀመሰ ጉዳዩን ራሱ ጣለው ማለት ነው። አባቴ ይህን አሳምሮ ያውቃል። የጥቅምት እሑድ ጠዋት ነበር፤ የክረምቱ ጭቃ ገና መድረቁ ነው። ሽማግሌዎቹ ገብተው እንደተቀመጡ ጭኮ አስቀረበ። የተቆላ ገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ፣ ሽታው እኔና እናቴ እስከተቀመጥንበት እስከ መጋረጃው ኋላ ይመጣል።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጣሪያ ጣሪያ አዩ። ትልቁ፣ ኦቦ ፈይሳ፣ «ኦቦ ቶሎሳ፣ መጀመሪያ የመጣንበትን ስሙን» ብለው ለአባቴ ነገሩን ጀመሩ። ቲቸሩ ማንኪያውን አነሳ። በመጋረጃው ጥግ አየሁት። አንድ ጎረሰ፤ ደገመ። ቅቤው ጢሙ ላይ ያብለጨልጫል። ኦቦ ፈይሳ በክርናቸው ጎሸም ቢያደርጉት፣ ቦታ የጠበባቸው መስሎት ፈቀቅ አለላቸው!

አባቴ ፈገግ አለ። «እሰይ፣ ቀመሳችሁ። እንግዲህ የመጣችሁበት አለቀ። ነጋቲ፣ በሰላም ግቡ።»

ኦቦ ፈይሳ አንገታቸውን ደፍተው ዱላቸውን ፈለጉ። እናቴ እጄን ጨምድዳ ይዛኛለች፤ እንዲህ ባለ ቀን የልጅት ድምፅ እንኳ አይሰማም። አስለቀቅኳትና መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«አባባ፣ እኔ ገመቹን እፈልገዋለሁ! ይሄ ሆዳም ለበላው እኔ ለምን ልቅር?»

ያን ጊዜ ቲቸር ዋቅቶላ፣ አፉ እንደሞላ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ሌንሴ፣ ሴት ልጅ ራሷን መግታት አለባት። አስተምሬሽ ነበር እኮ!»

አባቴ እኔን አየ፤ ቀጥሎ የሰውዬውን ጢም አየ። ሳቅ አመለጠው። ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ «ኦቦ ፈይሳ፣ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ። ልጄ ከፈለገችው እሺ እላችኋለሁ። ይህን ሰውዬ ግን እንዳታመጡብኝ» አለ።

እንግዲህ ቲቸሩ ያጋባን እንዲህ አድርጎ ነው። ገመቹ «ተይው፣ አርጅቷል» ይለኛል። ምን አርጅቷል! ያኔም እንዲሁ ነበር። እንደሱ ያለ ሰው «ተገቱ» የሚለው ሁልጊዜ ለሌላው ነው፤ ማንኪያው እሱ እጅ ላይ እስካለ ድረስ። ሴት ስትሆኚ ደግሞ ትእዛዙ ይብስብሻል። እናቴ ያ ቀን በተነሳ ቁጥር ዛሬም «አዋረድሽን» ትላለች። ትበል። ወግ ጠብቄ አፌን ዘግቼ ቢሆን ኖሮ፣ ገመቹ ዛሬ የሌላ ሴት ባል ነበር።