ለራሴ ለቅሶ የደረስኩ ዕለት

የቃጫ ገመድ ሲሸተኝ ሳቄ ይቀድመኛል፤ ዕንባው ኋላ ነው የሚመጣው። ዛሬም ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ስሳፈር ዊልቸሬ ጣሪያ ላይ የሚታሰረው በዚያው ገመድ ነው። መወጣጫ ያለው መኪና ይመጣል ሲባል ሲባል፣ ይኸው እኔ ቀድሜ ላረጅ ነው።

ያኔ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመድቤ፣ አባቴ «ያለ ሰው ንቅንቅ የለም» አለ። አፈ ደረቅ ገበሬ ነበር። በሬዎቹን ስማቸውን እየጠራ ያሞግሳል፤ እኔን አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ብሎኝ አያውቅም። ሦስት ቀን አኩርፌ እህል አልቀምስም ብል ጊዜ ተሸነፈ።

«እሺ፤ ብቻሽን ሄደሽ፣ ተመዝግበሽ፣ ብቻሽን በደኅና ከተመለስሽ ትማሪያለሽ። አንድ ነገር ከሆንሽ ግን ቤትሽ ትቀመጫለሽ!»

መሄዱና መመዝገቡስ ቀና። ስመለስ ነው ጉዱ። የሚኒባሱ ረዳት ዊልቸር ይታጠፋል ቢሉት የሚያምን ዓይነት አይደለም።

«ይታጠፋል እኮ ወንድሜ!»

«ተይ እባክሽ፣ ብሰብረውስ?» ብሎ እንዳለ አቁሞ ጣሪያ ላይ በቃጫ ገመድ ጠፈረው። እኔን ደግሞ እንደ ጤፍ ጆንያ ተሸክሞ፣ ሁለት ዶሮ ካቀፉ እናት ጎን፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ዶለኝ። ውስጡ ቅቤ ቅቤ፣ እርጥብ ጋቢ ጋቢ ይሸታል። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ መስኮቱ ሁሉ በትንፋሽ ተደፍኗል። ስልኬም ባትሪው አልቆ ጠፍቷል።

አገራችን ደምበጫ ልንገባ ስንል ጎማ ተነፈሰ። ያን ጊዜ የሰፈራችን ባጃጅ ነጂ አልፎን ሄደ። እኔን አላየም፤ ጣሪያው ላይ ያለውን ባዶ ወንበር ግን አየ። በአካባቢያችን ዊልቸር ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ። ከማርቆስ፣ ከሆስፒታሉ አገር፣ ባለቤቱ የሌለችበት ወንበር ሲመጣ ምን ይባላል? እንደ ወጉ መርዶ በማለዳ ነው፣ በሽማግሌ ነው። እሱ ግን ምን አስችሎት! በርሮ ለአባቴ ነገረው። አባቴም ቢደውል ስልኬ ዝግ።

ጎማው ተቀይሮ መናኸሪያው ስንደርስ ዋይታው ከዝናቡ በለጠ። ለቅሶ አይቶ ማለፍ ነውር ነውና ተሳፋሪው ግልብጥ ብሎ ወረደ። ባለዶሮዋ እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። ረዳቱ ማን እንደ ሞተ ሳይጠይቅ ደረቱን ይደቃ ጀመር። መኪናው ውስጥ እኔና ሁለቱ ዶሮዎች ቀረን።

በእጄ መስኮቱን ጠረግ አድርጌ ባይ፣ መሐል ላይ አባቴ!

«አንበሳ ነች ልጄ፣ እግርም ያላሻት፤
ምነው አንደበቴ፣ ታስሮ ባልላክኋት!»

ኧረ ጉድ! የሞትኩት እኔ ነኝ ለካ። ምን ልደብቃችሁ፣ ደስ አለኝ። ሌላም ግጥም ይጨምር ይሆን ብዬ ትንሽ ዝም ብዬ ሁሉ ሰማሁ። ኋላ ግን ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። መስኮቱን ከፈትኩና «አባባ! አለሁ! አውርዱኝ!» እያልኩ ጮኽኩ።

ማን ይስማኝ! ባለዶሮዋ እናት ብቻ ዕንባቸውን እየጠረጉ ዞሩ። «አይዞሽ የኔ ልጅ፤ ዘመድሽ ናት?»

«እኔ ነኝ የሞትኩት!»

«በስመ አብ ወወልድ!» ሲሉ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ወደ መስኮቱ ዞረ።

አባቴ ሌላውን በክርኑ እየገፋ ገባ። አቅፎ አነሳኝ፤ ጢሙ በዕንባና በዝናብ ርሷል። ከዚያ ደርሶ ተቆጣ።

«ስልክሽን ምን ልትሆኚ አጠፋሽው? ተመዝግበሻል?»

«አዎ።»

«በደኅና ነው የተመለስሽው?»

«ከመሞቴ በቀር ደኅና ነኝ።»

«እንግዲያ ትማሪያለሽ» አለና ፊቱን አዞረብኝ። ያችን ግጥም ዳግመኛ አላነሳትም። እኔም አልጠየቅሁትም።

አምና አባቴ አረፈ። ከማርቆስ የሄድኩት በሚኒባስ ነው፤ ወንበሬም እንደ ልማዱ ጣሪያ ላይ ነበር። ለቅሶው መሐል ገብቼ «አንበሳ ነው አባቴ» ብዬ ግጥሙን መለስኩለት። ሰው ሁሉ ሲጮህ ግን አንዴ ዝም አልኩና ጆሮዬን ወደ ሳጥኑ አስጠጋሁ፤ «አለሁ፣ አውርዱኝ» ይል እንደሆነ ብዬ።