ያልተቀመጥኩለት ነፋስ

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄ ስልኩን እያየ «እማማ፣ ነፋሱ በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው» አለኝ። «እና ምን ያነሳል?» ስለው ሳቀብኝ። ያን ጊዜ ጭድ የጫነች አህያ በደጃችን አለፈች፤ ሽታው ሰቆጣ ከተቀመጥኩበት በርጩማ አንስቶ ከአባቴ አውድማ አደረሰኝ።

አውድማችን ከገደል አፋፍ ላይ ነበር፤ ነፋስንም የምንለካው በሚወስደው ነገር ነው። ላብ እንኳ የማያደርቀው «ዝንብ የማያባርር» ይባላል። «እብቅ ወሳጅ» ሁሉ የሚመኘው፣ ምርቱን የሚያጠራ ነው። «ገለባ ወሳጅ» ደግሞ ቄሳችንን ጥምጣማቸውን አስይዞ ያስሮጣቸው ነበር። ፍሬ የሚወስደው ግን አውድማ ላይ ስሙ አይነሳም፤ ካነሱት በረከቱን ይዞ ይሄዳል ይባላል። እሱን ያየ ሰው ስሙን በመጥራት ፈንታ ቁጭ ይላል፤ ምልክቱ ይኸው ነው፤ አባቴም የሚያዘራበትን ላይዳ ጥሎ ጤፉን በቁርበት ይሸፍናል።

አባቴ ዓይኑ ደክሞ ስለነበር አፋፉ ላይ ቆሜ የማዶውን ሣር የማይለት እኔ ነበርኩ፤ የሣሩን አተኛኘት አይቼ ነፋሱን ሳይደርስ አውቀዋለሁ። በዚህ ሥራዬ እንዴት እኮራ ነበር!

አንድ ዓመት፣ በማግስቱ ከተራ ሆኖ፣ አክስቴ ሹሩባ ልትሠራኝ ሰቆጣ ትጠብቀኝ ነበር። ማዶ ሣሩ መሬት ላይ ሲለጠፍ አየሁ፤ ያ ስሙ የማይነሳው ነበር። ቁጭ ካልኩ ሥራው ለነገ ያድራል፣ ሹሩባዬም ቀረ።

«ምን አየሽ ልጄ?» አለ አባቴ።

«እብቅ ወሳጅ ነው አባዬ» አልኩና እንደቆምኩ ቀረሁ።

ነፋሱ የዓመት ቀለባችንን ከነዘሩ ከክምሩ እየገፈፈ ገደል ጨመረው። እናቴ ነጠላዋን ዘርግታ ተደፋችበት፤ የተረፈው አንድ ቁና አይሞላም። አባቴ አልተቆጣኝም። «አታልቅሺ፤ ከሩቅ ቀሎ ታይቶሽ ነው» አለኝ። ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

በቀጣዩ ክረምት ዝናቡም ቀረ። ጎተራችን ባዶ ነበርና አባቴ እህል ፍለጋ ወደ አበርገሌ ወረደ፤ በዚያው ቀረ። ያ ጤፍ ቢኖር ባልወረደ እያልኩ ይህን ሁሉ ዘመን ኖርኩ፤ እናቴንም እውነቱን ሳልነግራት ቀበርኳት።

ዛሬ ማዶው ሣር የለውም፤ የነፋሶቹንም ስም ከእኔ ሌላ የሚያውቅ አልቀረም። ነፋስ ሲበረታ ግን እስካሁን ካለሁበት ቁጭ እላለሁ። ልጆቹ ጉልበቴን አሞኝ ይመስላቸዋል።