የቻንዳቬ ክር

በደቡብ ህንድ፣ በቻሉክያ ነገሥታት ዘመን ቻንዳቬ የምትባል ልብስ አጣቢ ነበረች። ቱንጋ ወንዝ ዳር ካለው ጥቁር ድንጋይ ላይ ልብስ እየደበደበች ግጥም ታወጣለች፤ ያወጣችውን ማታ ሺቫ የሚባለው አምላክ ምእመናን በማኅበር ሲሰበሰቡ ትለዋለች። ግጥሟ ሁሉ የሚያልቀው «የወንዙ ጌታ» በሚል ነው። አምላኳን የምትጠራበት ሌላ ስም የላትም።

እንደ ወገኖቿ ሁሉ እሷም ወደ ማኅበሩ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ሊንጋዋን፣ ያቺን የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር ድንጋይ፣ በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ማተብ አንገቷ ላይ አስራለች። አምላኳ ይህችው ድንጋይ ናት፤ ከገላ አትለይም። የጣላት ሰው እስኪያገኛት እህል አይቀምስም። ካላገኛት በዚያው ይሞታል። ይህን ሕግ ቻንዳቬ ራሷ በግጥም አሳምራዋለች፦

«ከደረቴ ብትለይ
እስትንፋሴ ማደሪያው የት ነው፣
የወንዙ ጌታ?»

መንደሩ ሁሉ ይህን በቃሉ ይዞታል። ሰው በደህና ቀን የሚናገረው ነገር ይገርማል፤ ያማረ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀን ተመልሶ ደጁ ይመጣል።

አንድ ጠዋት ክሩ ተበጠሰ። ድንጋይዋ ወንዝ ገባች።

ጓደኛዋ ሆናቬ ከነልብሷ ገብታ ስትዳብስ ዋለች። አሸዋ ብቻ ይዛ ወጣች።

«ዓሣ ውጧት ይሆናል» አለች እየተንቀጠቀጠች። «ታድሎ። እኛ ስንት ዓመት የደከምንለትን እሱ በአንድ ጉርሻ።»

ቻንዳቬ ሳቀች። እጇ ግን ባዶ አንገቷን አልለቀቀም።

የማኅበሩ ሽማግሌ ሲዳና ወሬውን ሰምተው መጡ፤ ሰውም ተከትሏቸው። ሊንጋዋን ያሰሩላት እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ አባቴ።»

«ካንቺው የሰማሁትን ልንገርሽ እንዴ?» አሉና ያንኑ ግጥሟን አሉላት።

ቻንዳቬ የያዘችውን ልብስ ጨምቃ ድንጋዩ ላይ አኖረች። የሚፈርድባት የሌላ ሰው ቃል ቢሆን ኖሮ በተከራከረችው ነበር። የገዛ ቃሏ ነው። እናም ልብስ ላይ እድፍ እንደምትፈትሽ ቃሏን በልቧ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። አማረ እንጂ አልጠራም። ፍርሃት ነበረበት።

«እሱን ያልኩት ክሩ ጠብቆ ሳለ ነው» አለች። «ቀሪውን ዛሬ ስሙት።»

«ክር ተበጠሰ።
ታስሬ የኖርኩት እኔ ነኝ፤
አንተማ መች ታስረህ ታውቃለህ፣
የወንዙ ጌታ?»

«ይሄ በቃል ማምለጥ ነው» አለ ከኋላ አንድ ሸማኔ። «ሞት ፈርታ ነው።»

«ብፈራ ኖሮ ዝም ብዬ ሌላ ድንጋይ እጠቀልል ነበር። ወንዙ ሙሉ ድንጋይ ነው፤ ማን ያውቅብኛል?» ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባቴ፣ የሌለበት ቦታ የለም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ታዲያ ከየት ወዴት ወደቀ ልበል? ውሃው ውስጥ የለም ካሉኝ፣ ተርቤ እሞታለሁ። አለ ካሉኝ ግን... ሆናቬ፣ እስቲ ያን ቂጣ አቀብዪኝ።»

ሆናቬ ሽማግሌውን አየች፤ ቻንዳቬን አየች። ከዚያ የማሽላ ቂጣዋን ከቋጠሮዋ ፈታ ሰጠቻት። ቻንዳቬ በወንዙ ውሃ አርሳ፣ ሰው ሁሉ እያያት በላች። የምታኝከው ቀስ ብላ ነበር።

ሲዳና ጎንበስ ብለው ውሃውን በእጃቸው ነኩት። በዚሁ ሕግ የቀበሩት ታናሽ ወንድም ነበራቸው። ስሙን ማንም አላነሳም።

«ክሩን ማን ነበር የፈተለልሽ?» አሉ በመጨረሻ።

«ሆናቬ ናት።»

«እኔ መች እንዲህ እየተወናጨፈች ታጥባለች ብዬ» አለች ሆናቬ።

«እንግዲያው አሁን ወፈር አድርገሽ ፍተዪ» አሉ ሽማግሌው። «አዲሷን ድንጋይ እኔ አመጣለሁ።»