ሰንበት ላይ የወደቀው ቁጥር

ስሜን እንኳ መጻፍ የማላውቅ አሮጊት፣ ሚሊዮን ውስጥ ጥልቅ ማለቴ! ማን ጠራኝ? ማንም!

ነገሩ የልጄ ልጅ ናት። አስራ ሶስት ዓመት ሊሞላት ነው። ከትምህርት ቤት ስትወጣ እዚህ እስራኤል፣ ሻዓራይም ሰፈር አጠገብ ባለው ማትናስ፣ በሕዝብ ማዕከሉ፣ ሁግ የሚሉት የሂሳብ ክበብ ትገባለች። ሞራዋ፣ አስተማሪዋ ማለቴ ነው፣ "ከሚሊዮን የሚበልጥ፣ ለማንም እኩል የማይካፈል ቁጥር አምጡ" አለቻቸው። ሌሎቹ ልጆች ሰሌዳ ላይ ያካፍሉታል። እኩል ተካፍሎ ካልተሰበረ ባለቤቱ ወደ ትልልቆቹ ቡድን ያልፋል፤ ከተሰበረ እዚያው ይቀራል። ልጅት በዚህ ጭንቀት ሳምንቱን ሙሉ እህል በቅጡ አልቀመሰችም።

"እምዬ፣ ሁለት ቀሩኝ። ሚሊዮን ከሶስት እና ሚሊዮን ከአስራ ሶስት። የቱን ልውሰድ?"

"አስራ ሶስቱን ነዋ! ዕድሜሽ አይደል?" አልኳት። መራጯ እኔው፣ ጉዴን እዩልኝ።

ሐሙስ አብሬያት ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ለሁለት አካፈሉት፣ እምቢ። ለሶስት፣ ለአምስት፣ እምቢ አለ። የኔዋ ፊቷ እንደ ጨረቃ በራ። ከዚያ አንዱ "ለሰባት!" ብሎ ሰሌዳውን መሞነጫጨር ጀመረ።

ሰባት? እሱማ የኔ ነው! ጎንደር ልጅ ሆኜ፣ በየሰባት ሳምንቱ የሚመጣው ትልቁ ሰንበታችን መቼ እንደሚውል ሴቶቹ እኔን ነበር የሚጠይቁት። ለሰባት የሚካፈል ከሆነ ቀን ሲቆጠርበት ከሰንበት፣ ከቅዳሜ ማለቴ ነው፣ ተነስቶ ሰንበት ላይ ያርፋል። በጣቴ መቁጠር ያዝኩ። ከሰንበት ሺህ ቀን ብትቆጥሩ አርብ ነው፤ አንድ ቀን ይጎድላል። ሺህ ጊዜ ሺህ ሲሆን በየሺሁ አንድ ቀን እየጎደለ ሺህ ቀን ወደኋላ ትመለሳላችሁ፤ እሁድ ይጥላችኋል። እሁድ ላይ አስራ ሶስት ሲጨመር…

"ሰንበት!" ብዬ ጮህኩ። "ሰንበት ላይ ወደቀ! ተሰበረ!"

ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ልጅት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

"እምዬ! ምነው ጉድ አደረጉኝ?"

ሞራዋ ግን "እንዴት አወቁ?" አለች። እኔ በጣቴ እያሳየሁ ስናገር ልጅት እየተነፋረቀች በዕብራይስጥ ታስረዳለች። መሀል ላይ ማስረዳቱን ትታ ጣቷን ቆጠረች።

"ረጋ፣ ረጋ! እምዬ፣ ቆይ… ሶስቱስ? የት ይውላል?"

"እሁድ ላይ ሶስት… ረቡዕ!"

"ረቡዕ!" ብላ ሮጣ ሚሊዮን ከሶስትን ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ሞራዋም ዘዴውን ወዳው ቤሰደር፣ እሺ ይሁን አለቻት። ልጆቹ ተረባረቡበት። ለሰባት፣ ለአስራ አንድ፣ ለአስራ ሰባት፣ ኧረ ንቅንቅ! ሰዓቱ ሲያልቅ ሞራዋ ኮምፒውተሯን አይታ፣ "ይሄን ማንም አይሰብረውም፤ አልፈሻል" አለቻት። እልልታዬን አቀለጥኩት፤ ልጅት በሁለት እጇ አፌን ያዘችኝ።

ቤት እስክደርስ አላስቻለኝም፤ ደረጃው ላይ ለጎረቤቴ አንድ በአንድ ነገርኳት፣ ትንሽም ጨማምሬ። ዘንቢሏን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"መጀመሪያውኑ አስራ ሶስቱን ውሰጂ ባትያት ሶስቱን ይዛ ትሄድ ነበር" አለችኝ። "ያለፈችው አንቺ እንቅፋት ሆነሽባትም ነው።"