ከጎንደር እስከ ደባርቅ የፈረስ ልብ ሳዳምጥ

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አስራ አራት ፈረሰኞች ከፒያሳ ተነሱ። እኔና ሾፌሩ ገብሬ በመሥሪያ ቤቱ አሮጌ መኪና ተከተልናቸው። ውድድሩ በሁለት ቀን ደባርቅ መድረስ ነው። በግብርና መሥሪያ ቤት የከብት ሐኪም ረዳት ስለሆንኩ፣ የእኔ ሥራ በየማረፊያው ቀድሜ ደርሼ ፈረሶቹን መመርመርና «ይለፍ» ወይም «ይቅር» ማለት ነበር።

ይህን ሥራ ለምኜ ነው የወሰድኩት። ባለፈው ዓመትም መርማሪው እኔ ነበርኩ። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አንዲት ግራጫ ባዝራ ትንፋሿ ሳይረጋ ቀረበችልኝ። ሕዝቡ ጮኸብኝ፤ ፈራሁና «ትለፍ» አልኩ። ዳባት ሳትደርስ ወድቃ ሞተች። ጌታዋ ኮርቻዋን ተሸክሞ በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። ዓመቱን ሙሉ አፈርኩ።

ዘንድሮ ደንብ ጽፌ አለቃዬን አስፈረምኩ። ማረፊያ በደረሰ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የልቡ ምት በደቂቃ ወደ ስልሳ አራት ያልወረደ ፈረስ ይቀራል። ያነከሰ ይቀራል፤ ጀርባው የቆሰለም ይቀራል። አለቃዬ ሲፈርሙ «ዘንድሮ አንድ ፈረስ ቢሞት ግልቢያው ለዘለዓለም ይቀራል፤ አንተም መዝገብ ቤት ትገባለህ» አሉኝ። መዝገብ ቤቱ አላስፈራኝም። ያስፈራኝ ያቺ «ትለፍ» የምትል ቃል እንደገና ከአፌ እንዳትወጣ ነው።

ኮሶዬ፣ ረፋድ ላይ

ጣሊያን የሠራው መንገድ ዳገቱን እየተጠማዘዘ ይወጣል። ኮሶዬ ስንደርስ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ከገደሉ በታች ቆላው በጭጋግ ተሸፍኗል። ገብሬ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ እጁን ሲያሞቅ እኔ የልብ ማዳመጫዬን ብብቴ ውስጥ አሞቅሁ፤ ቀዝቃዛ ብረት ፈረስ ያስበረግጋል።

መጀመሪያ የመረመርኩት ጥቁር ፈረስ ነበር። ጀርባውን ስዳስስ መዳፌ ከሰል መሰለ። ጌታው ቁስሉን በቅቤና በጥላሸት ቀብቶታል። እጄን አሳየሁት። «ዝንብ እንዳያርፍበት ብዬ ነው እኮ» አለና ራሱ ሳቁ አመለጠው። እንዲቀር አደረግሁት፤ እየሳቀ ወደ ጎንደር ተመለሰ።

ቀጥሎ ከሩቅ ፉከራ ተሰማ። ግንባሩ ነጭ የሆነ ቦራ ፈረስ በሽምጥ እየጋለበ መጥቶ ፊቴ ቆመ። በላዩ የተቀመጡት የመካነ ብርሃኑ ገበሬ አያ ታከለ ናቸው፤ ጢማቸው ሸብቷል፣ ወገባቸው ግን ቀጥ ያለ ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። የቦራ ልብ ግን ከበሮ ሆኗል። ግማሽ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ወደ ስልሳ ሁለት ወረደና አለፈ።

«አያ ታከለ፣ ሊደርሱ ሲሉ ወርደው ይሳቡት። ልቡ ይረጋለታል» አልኳቸው።

«ምነው ሐኪሜ! ተጭኖ እየተሳበ የሚገባ የሟች ፈረስ ነው። ሳልሞት ልታስለቅሰኝ ነው?»

እውነታቸውን ነው፤ በአገራችን ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ኮርቻው እንደተጫነ ለቅሶው መሐል ይሳባል። በደንቤ ላይ ይህን አላሰብኩበትም። ከመጽሐፍ የተማርኩትን ጻፍኩ እንጂ ሰዎቹን አልጠየቅሁም።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ማምሻውን

የወገራ ሜዳ ገብሱ ታጭዶ ገለባው ብቻ ቀርቷል። አንድ ፈረስ በፊት እግሩ አንክሶ እዚህ ቀረ። ለእንግዳ በሶና የጎመን ወጥ ቀረበ፤ ለፈረስ ገብስ፣ አንዱ ቁና በስሙኒ። ገብሬ «ፈረሱ ከእኛ የተሻለ በላ» ብሎ አጉረመረመ።

አያ ታከለ ራሳቸው ሳይበሉ ቦራን አጠጥተው ጀርባውን በገለባ ሲያሹ አገኘኋቸው። «ነገ ዳባት የሚስቴ ወንድሞች ይጠብቁኛል» አሉኝ። «እህታቸውን ስወስድ በእግሬ ነበር የመጣሁ። ፈረስ የለውም ብለው ንቀውኝ ነበር።»

ነገ በአማቾቻቸው ፊት ቦራን ሽምጥ ሊያስጋልቡት እንዳሰቡ ያኔውኑ ገባኝ።

ዳባት፣ በማግስቱ

እንደፈራሁትም ሆነ። ከሁሉ ቀድመው መጡ። ከከተማው ዳር ጀምረው ሽምጥ አስጋለቡት፣ ፎከሩ፣ ሁለት ጊዜ ዞሩ። አማቾቻቸው ጥይት ተኮሱላቸው። ቦራ ሲቆም ጎኑ እንደ ወናፍ ይነፋል። ቆዳውን ስቆነጥጠው ቶሎ አልተመለሰም፤ ሰውነቱ ውሃ እንዳለቀበት ምልክት ነው።

ውሃ ተደፋበት፣ ጥላ ውስጥ ቆመ። ግማሽ ሰዓቱ አለቀ። ቆጠርኩ፤ ሰባ ሁለት። እንደገና ቆጠርኩ፤ ያው ሰባ ሁለት።

«ይቅር» አልኩ።

ጩኸቱ ያው ያለፈው ዓመት ጩኸት ሆነ። «ልቀቀው! አንደኛ የመጣን ፈረስ!» የአካባቢው ገዥ፣ የዳባቱ ምስለኔ፣ ጠጋ ብለው «ሐኪም፣ ለዛሬ ብቻ አሳልፈው፤ ሕዝቡን አታስቆጣ» አሉኝ። ግራጫዋ ባዝራ ዓይኔ ላይ መጣች። «እርስዎ ካዘዙ ጽፈው ይፈርሙልኝ። በእኔ አፍ ግን አያልፍም» አልኩ። ምስለኔው እስክሪብቶ አላወጡም።

አያ ታከለ አለንጋቸውን እንደጨበጡ መጡብኝ። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም፤ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ነቅዬ ሰጠኋቸው። «እርስዎ ራስዎ ይስሙት» አልኩ።

ጆሯቸው ላይ አስገባሁላቸውና ጫፉን ከቦራ ግራ ክንድ ኋላ አኖርኩት። ጎንበስ አሉ። ከዚያ ድንገት ወደ ሕዝቡ ዞረው «ዝም በሉ! ልስማበት!» ብለው ጮኹ። የተሰበሰበው ሁሉ ጸጥ አለ።

«ይሄ ሁሉ የሱ ነው?» አሉኝ በቀስታ።

«የሱ ነው።»

«ዘጠኝ ዓመት ተቀመጥኩበት። እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።» ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ አልደበቁትም።

አለንጋውን ጣሉትና «ሲያርፍ እየሳብኩ ደባርቅ አደርሰዋለሁ» አሉ። ታላቁ አማቻቸው ደነገጠ። «አያ ታከለ፣ እየሳብክ? ሞተ ብለው ሚስትህን ሊያስለቅሷት?»

ቆም ብለው አሰቡ። ከዚያ የኮርቻውን ጠፍር ፈቱ፣ ኮርቻውን አንስተው በገዛ ትከሻቸው ላይ ጫኑት። «የሟች ፈረስ ኮርቻው ይጫናል። ይኸው የኔው ኮርቻ እኔው ላይ ነው። እስቲ አሁን ማን ሞተ ይበል?»

ደባርቅ

አንደኛ የወጣው ከወገራ የመጣ ወጣት ነው። አስራ አንድ ፈረሶች ገቡ፤ ሁሉም ደህና ናቸው። እኔ ግን አልተረጋጋሁም። በማግስቱ ጠዋት ከገብሬ ጋር ከከተማው በር ላይ ቆምን።

ሦስት ሰዓት ገደማ አያ ታከለ መጡ። ኮርቻው በትከሻቸው፣ ልጓሙ በእጃቸው፣ ቦራ ከኋላ እየተዝናና። ሰው ሲያዩ ጊዜ ፉከራቸውን ለቀቁት፤ በእግራቸው እየዘለሉ፣ ኮርቻው ትከሻቸው ላይ እየተንገጫገጨ። ሕዝቡ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ እልል አለ።

ሮጬ ሄጄ ማዳመጫዬን አኖርኩ።

«ስንት አለ?»

«አርባ።»

«ሸጋ ነው?»

«ሸጋ ነው፣ አያ ታከለ።» ገብሬ ሌላ ቦታ የሚያይ መሰለ።

ጎንደር፣ መመለሻ

ስንመለስ ባዝራዋ የወደቀችበት ቦታ ላይ መኪናውን አስቆምኩ። ወርጄ ጥቂት ቆምኩና ቀጠልን። አምናም ቢሆን በአንዲት ቃል ላተርፋት እችል ነበር፤ ይህን ማወቅ አይቀልም።

ቢሮ ስደርስ አለቃዬ ገና ከበሩ «ስንት ሞቱ?» አሉኝ።

«አንድም።»

ከዚያ ደንቡ ላይ የጨመርኩትን አንቀጽ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው አነበቡት፤ «ማንኛውም ፈረሰኛ ከማረፊያው ሊደርስ ሲል ይውረድ። ኮርቻውን አውርዶ በራሱ ትከሻ ይያዝ። መፎከር የወደደ በእግሩ ይፎክር።»

«አብደሃል? የበጌምድርን ፈረሰኛ ኮርቻ ልታሸክም? ማን እሺ ይላል?»

አምና ኮርቻ ተሸክሞ በአጠገቤ ያለፈው ሰው ትዝ አለኝ፤ ከኋላው የሚከተል ፈረስ አልነበረውም።

«አያ ታከለ ብለዋል» አልኳቸውና እስክሪብቶውን አቀበልኳቸው።