ቀዩ መኖ የገባበት በጋ

የቶራልፍ አባት ሲቆጣ እጁ የገባውን ያነሣ ነበር። ቤት ከሆነ ማገዶ፣ ጀልባ ላይ ከሆነ መቅዘፊያ። በሰሜኑ ቀዝቃዛ ባሕር ባሉት በቬስተርኦለን ደሴቶች በዚያ ዘመን ልጅ ተመታ ብሎ የሚደነቅ አልነበረም፤ የእሱ አባት ግን ጎረቤት እንኳ «ኧረ በቃህ!» እያለ የሚጮህበት ሰው ነበር። አንድ ቀን ልጁን ጉሮሮውን ይዞ ከግድግዳ ሲያጣብቀው ታላቅ እህቱ ማግንሂልድ ዘላ የአባቷን እጅ ነከሰች። አጥንት እስኪሰማት ድረስ ነከሰች። አባትየው ቶራልፍን ለቀቀና ወደ እሷ ዞረ። ሁለቱም በዚያ ምሽት ጀልባ ቤት ውስጥ መረብ ለብሰው ተኙ።

አባታቸውን ባሕር ወሰደው፤ አመሉን ግን ለልጁ ትቶለት ሄደ። ቶራልፍ ሲያድግ የመረብ አለቃ ሆነ። ዓሣው የት እንደገባ ውኃውን አይቶ ያውቃል፤ ሰው ቢሳሳት ግን ምላሱ ሳይሆን ቡጢው ነው የሚቀድመው። ሚስት አላገባም። «ማን ትጠጋዋለች? እሳት ነው» ይሉታል። የምትገሥጸው ማግንሂልድ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሃርትቪግ የሚባል የራሱ ጀልባ ያለው ተጫዋች ሰው አግብታ ከወንዝ ማዶ ትኖራለች።

የዚያን ዓመት በጋ ቀዩ መኖ ወደ ባሕረ ሰላጤው ገባ። ቀይ መኖ የሚሉት ከጤፍ የምትበልጥ፣ ከሩዝ የምታንስ፣ ሁለት ረጃጅም ቀንድ ያላት ቅንጣት የባሕር ፍጥረት ናት። ክረምቱን ከባሕሩ ጥልቅ ጨለማ ውስጥ በራሷ ስብ እየኖረች ታሳልፋለች፤ ብርሃን ሲመለስ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ማዕበሉም እየገፋ ወደ ዳርቻ ያመጣታል። አንዷን ማንም አያያትም። በጅምላ ስትመጣ ግን ውኃው የታረደ በሬ ደም የፈሰሰበት ይመስላል። እሷን ሊበላ ሄሪንግ የሚባለው ትንሽ ዓሣ በመንጋ ይመጣል፤ ሄሪንጉን ሊበላ ትልልቁ ዓሣ ይመጣል፤ ከሁሉም ኋላ ጥቁርና ነጩ ገዳይ ዓሣ ነባሪ። ከዚያ ደግሞ ሰው።

ቶራልፍና ሃርትቪግ መረባቸውን ቀጥለው የባሕረ ሰላጤውን አፍ ዘጉት። ውስጡ በሄሪንግ ጢም ብሎ ሞላ፤ ውኃው እንደሚፈላ ድስት ይንተከተካል። እኩል ሊካፈሉ ተስማምተው ነበር። ያልተስማሙት መቼ እንደሚወጣ ነው።

«ዛሬ እናውጣው» አለ ሃርትቪግ በማግሥቱ ጠዋት ጀልባውን አስጠግቶ።

ቶራልፍ አንድ ሄሪንግ ጨለፈና ሆዱን በአውራ ጣቱ ሰነጠቀው። ቀይ ዝቃጭ እጁ ላይ ፈሰሰ። «ይኼን አየኸው? ሆዱ መኖ ብቻ ነው፤ አሁንም እየበላ ነው። በዚህ ሆዱ በርሜል ከገባ ገምቶ ይፈነዳል። መኖው እስኪወጣለት መረብ ውስጥ ይጹም።»

«ይጹም? ዓሣውን ደግሞ ልታመነኩሰው ነው እንዴ?»

የሃርትቪግ ሰዎች ሳቁ።

«አንተም አብረኸው ብትጾም ጥሩ ነበር፤ ጀልባህ በሆድህ በኩል አዘንብሏል።»

አሁን የሳቁት የቶራልፍ ሰዎች ናቸው፤ ከሃርትቪግም ጀልባ አንድ ሁለቱን ሳቅ አመለጣቸው። የሃርትቪግ ፊት ቀላ።

ይኼኔ ከመረቡ ውጭ የመጀመሪያው ጥቁር ክንፍ ታየ። ቀጥሎ ሌላ። ገዳዮቹ ከውጭ የቀረውን ሄሪንግ እየከበቡ በጭራቸው ይመቱት ጀመር። እያንዳንዱ ምት እንደ መድፍ ያስተጋባል፤ የደነዘዘው ዓሣ ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ አንድ በአንድ ይለቅሙታል። ውኃው ላይ ቅርፊት እንደ ብር ፍርፋሪ ተበተነ። የባሕር ወፎች እርስ በርስ እየተነካከሱ ይጮኻሉ።

«መረቡን ሊቀዱት ነው! ከዚያ ማንን ታስጾማለህ?» ብሎ ጮኸ ሃርትቪግ።

«አይነኩትም። መረብ ይፈራሉ። ተወው!»

ሃርትቪግ አልተወውም። ቢላውን መዘዘና ሁለቱ መረቦች የተያያዙበትን ገመድ ያዘ፤ የራሱን ግማሽ ለይቶ ሊጎትት። ገመዱ እስከ ግማሹ ተቆረጠ። ቶራልፍ ከጀልባው ተንደርድሮ እላዩ ላይ ወደቀ።

ሃርትቪግ መምታት ፈልጎ ይሁን ደንግጦ አይታወቅም፤ ቢላው የቶራልፍን ጉንጭ ከጆሮው ሥር እስከ ከንፈሩ ሸነተረው። ቶራልፍ ሕመሙ አልተሰማውም። የሃርትቪግን አፍ በግንባሩ ገጨው፤ ጥርስ ሲሰበር ሌሎቹ ጀልባዎች ላይ ተሰማ። ተያይዘው ባሕር ውስጥ ገቡ። ሊገላግል የዘለለ አልነበረም። ቶራልፍ ሲቆጣ ማን ይጠጋል?

ውኃው በመኖው ወፍሮ እንደ አጥሚት ሆኗል። ቶራልፍ ባንድ እጁ የጀልባውን ጠርዝ ይዞ በሌላው የእህቱን ባል ራስ ወደ ታች ደፈቀው። ሃርትቪግ ተፈራገጠ፤ ቧጨረው። ከዚያ መፈራገጡ ደከመ። ቶራልፍ በዚያች ሰዓት ምን እንደተሰማው ኋላ ሲጠይቁት «ደስታ» ነበር ያለው። ሌላ ምንም አልጨመረም።

ማግንሂልድ ዳርቻው ላይ ከሴቶቹ ጋር በርሜል ታጥብ ነበር። ጩኸቱን ሰምታ በትንሿ ጀልባ ቀዝፋ ደረሰች።

«ቶራልፍ! ልቀቀው!»

አልለቀቀም።

«ወንድሜ፣ ልቀቀው አልኩህ!»

መቅዘፊያውን በሁለት እጇ አንሥታ ትከሻው ላይ አወረደችው። ዞር ብሎ አያት፤ እጁ ግን አሁንም ሃርትቪግን እንደደፈቀ ነው። ደገመችው። በሁለተኛው አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ተሰበረ፤ ክንዱ ዛለ፤ ሃርትቪግም ወደ ላይ ብቅ አለ። ጎትተው ሲያወጡት ከአፉና ከአፍንጫው ቀይ ዝቃጭ ወረደ። ማግንሂልድ ደረቱን እየደቃች ሰደበችው፣ አለቀሰች፣ እንደገና ደቃችው። በመጨረሻ ሃርትቪግ ሳለና ተነፈሰ።

በዚህ ሁሉ ግርግር መረቡን ያየ ሰው አልነበረም። የቀረው ገመድ ተበጠሰ፤ ሄሪንጉ በተከፈተው በር እንደ ጎርፍ ወጣ፤ ገዳዮቹም ደጃፉ ላይ ቆመው ተቀበሉት። ውስጥ የቀረውን የሃርትቪግ ሰዎች ያን ቀን አውጥተው ጨው ነሰነሱበት። በርሜሎቹ ለገበያ ሳይጫኑ ግማቱ መንደሩን አሳበደው፤ የፈነዳውን ዓሣ ወደ ባሕር ደፉት።

የመንግሥት ሹሙ መጥቶ ቶራልፍን «ትከሻህን ማን ሰበረው?» ብሎ ጠየቀ።

«መቅዘፊያ።»

«ያነሣውስ?»

«አላየሁም። ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።»

ሃርትቪግም ስለ ጥርሱ ሲጠየቅ «ጀልባ አዳልጦኝ» አለ። ሹሙ የተሰፋውን ጉንጭና የተሸረፈውን አፍ ተራ በተራ አይቶ ኮፍያውን አደረገና ሄደ።

የቶራልፍ ትከሻ ጠምሞ ዳነ። ከደረቱ በላይ አይነሣም፤ መረብ መሳብ ቀረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማግንሂልድ አጥባ የምታመጣውን ሸሚዝ እሷው ታለብሰዋለች። አንድ ቀን እጁን በእጅጌው ውስጥ እየመራች «አመመኝ አትለኝም?» አለችው።

«ያማል።»

«ትጠላኛለህ?»

«አባታችንን በነከስሽው ጊዜ እኔን አድነሽ ነበር። አሁንም ያዳንሽው እኔን ነው። ሰዎቹ ባሏን ያዳነች ይመስላቸዋል።»

«ባሌንም ነው፤ አትቀልድ» አለችና እንባዋን በእጅጌው ጠረገች።

መሳብ ሲያቅተው ኮረብታው ላይ መቀመጥ ጀመረ። ውኃው የት እንደቀላ፣ ወፎቹ የት እንደወረዱ አይቶ ለጀልባዎቹ በባንዲራ ያመለክታል። እሱ የሰደበው ሁሉ፣ እሱ የመታው ሁሉ በምልክቱ ወደ ባሕር ይወጣ ነበር። ሃርትቪግ ብቻ ወደ ኮረብታው አያይም። ደረቱም እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሲቀዝፍ ያፏጫል።

በቀጣዩ በጋ ግን መኖው ዘገየ፤ መንደሩ ባዶ መረብ ሲጎትት ሰነበተ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሃርትቪግ እያለከለከ ኮረብታውን ወጣና ከቶራልፍ ራቅ ብሎ ቆመ።

«የት ነው ያለው?»

«ማን?»

«ጅል አትሁን።»

ቶራልፍ በደህናው እጁ ወደ ምዕራቡ ደሴት ጠቆመ። «ግን ቶሎ አታውጣው። ሆዱን እይ።»

«ዓሣ ማውጣት አንተ ታስተምረኛለህ? አንተ ጠማማ!»

«አንተ ድዳም!»

ሃርትቪግ ተፋና ቁልቁለቱን ወረደ። ሄሪንጉን ዘግቶ ግን ሆዱ እስኪነጣ ድረስ ጠበቀ፤ ይኼን መንደሩ ሁሉ አየ።

ማግንሂልድ ቅዳሜ ስትመጣ ወሬው ደርሷት ነበር። «ተነጋገራችሁ አሉኝ?»

«ምን መነጋገር! ተሰዳደብን እንጂ።»

«ደግ አደረጋችሁ» አለችና የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ ቆለፈችለት።