የአብሳይዋ ልጅ
የትምህርት ቤቱ አብሳይ ጉኔል ያን ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ የአተር ሾርባ ሠራች። የምታበስልበት የማዘጋጃ ቤቱ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው። በስዊድን አገር፣ መንግሥት ለተማሪው የሚከፍለው ገንዘብ ልጁ የሄደበት ይከተለዋል፤ ልጆቹ ወደ አዲሱ የግል ትምህርት ቤት ሲጎርፉ ገንዘቡም አብሯቸው ነጎደ።

«እነዚያ ነጋዴዎች ጉድ ሠሩን» አለች ድስቱን እየፈተገች፣ ልትሰናበታት ለመጣችው ጎረቤቷ ለሶልቬግ።

«ነጋዴዎቹን ተያቸው። መጀመሪያ ልጇን ከዚህ ያስወጣችው ማን ሆነችና?»

«እኔማ ከአባቷ ጋር ስንፋታ፣ አዲሱ ትምህርት ቤት ለእሱ ቤት ይቀርባታል ብዬ ነው።»

ሶልቬግ ወደ እሷ ጠጋ አለች። «እኛ ምን እናውቃለን? አብሳይዋ የገዛ ልጇን ካስወጣች ከውስጥ ያየችው ጉድ ቢኖር ነው አልን። እኔ አንቺን አይቼ የኔን አስወጣሁ፤ ሌላው ደግሞ እኔን አይቶ።»

«ታዲያ አትጠይቂኝም ነበር?»

«እንጀራሽ ነው፤ ስለ ሥራ ቦታሽ ማስወራት አንቺን ማስጨነቅ መሰለኝ።»

ጉኔል ድስቱን አለቅልቃ ደፋችው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከውስጥ ያየችው፣ ሾርባ ለማስደገም ሳህን ይዘው የሚጋፉ ልጆችን ብቻ ነበር። ይህን ግን ለማንም ተናግራ አታውቅም።